ስለ አደን ጠመንጃዎች መብዛትና ስለ አቀናነሳቸው

አዳኝ የሆነ ሰው በዕድሜው ውስጥ የሚሰበስባቸው ጠመንጃዎች እየበዙ ከሄዱ በኋላ አንድ ቀን መቀነሳቸው አይቀርም። አንዳንድ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ሸክሙ ሲከብደው ይቀንሳቸዋል፤ አንዳንድ ጊዜም እርሱ ከሞተ በኋላ ወራሾቹ ይቀንሷቸዋል። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት የቤት ዕቃን እንደ ማስተካከል ያለ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን የትኛው ጠመንጃ እንዲቀር፣ የትኛውም እንዲወገድ የሚወስነው ሐሳብ በየአገሩና በየዘመኑ የተለያየ ስለ ሆነ፣ የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ብዙ ትምህርት ይሰጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአዳኙ እጅ የሚቀረውን ጠመንጃ የሚመርጠው ጥይት ነው፤ በቤቱ ግድግዳ ላይ የሚቀረውን ጠመንጃ የሚመርጠው ግን ክብርና መታሰቢያ ነው። እነዚህን ሁለት ሚዛኖች ሳይለይ ስብስቡን የሚቀንስ ሰው ወይ የማይጠቅመውን ተሸክሞ ይኖራል፣ ወይም ሊተካ የማይችለውን ይጥላል። ይህንንም ለማስረዳት አስቀድመን ስለ ጥይት ስያሜ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ስለሚበዛበት ምክንያት፣ ከዚያም ስለ ሁለቱ ሚዛኖች በየተራ እንናገራለን።

1. ስለ ጥይት ስያሜ

ጥይት አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ቀለሁ፣ በቀለሁ ግርጌ ያለው ማቀጣጠያ፣ በውስጡ ያለው ባሩድና በአፉ ላይ የተተከለው አረር ናቸው። በአውሮፓ ልማድ ጥይት በሁለት ቍጥር ይጠራል። መጀመሪያው የአፈሙዙ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ሲሆን ሁለቱም በሚሊሜትር ይለካሉ። ስለዚህ 7×57 ሲባል የአፈሙዙ ስፋት 7 ሚሊሜትር፣ የቀለሁ ርዝመት 57 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖች ግን ስፋቱን ብቻ በኢንች ክፍልፋይ ይጠሩና የሠሪውን ስም ወይም ሌላ መለያ ይጨምሩበታል። .375 ሆላንድና ሆላንድ ሲባል ስሙ የሠሪው ቤት ስም ነው፤ .30-06 ሲባል ደግሞ የመጨረሻው ቍጥር የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበትን ዓመት፣ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር 1906ን ያመለክታል።

ይህን ማወቅ የሚያስፈልገው ለዕውቀት ብቻ አይደለም። በአገራችን ለበን ተብሎ የሚታወቀው የፈረንሳይ ለቤል፣ ምንሽር ተብሎ የተጠራው የኦስትሪያ ማንሊኸርና የጀርመን ማውዘር፣ ሦስቱም የ8 ሚሊሜትር ጥይት ጐራሾች ሆነው ተሠርተዋል። ነገር ግን የቀለሁ ርዝመት፣ ቅርጽና ከንፈር በሦስቱ የተለያየ ስለ ሆነ የአንዱ ጥይት ለሌላው አያገለግልም። በአንዱ በማውዘር ውስጥ እንኳ ልዩነት አለ፤ በ1888 የተሠራው የ8×57 ጥይት አረሩ 8.1 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ1905 ወዲህ የተሠራው 8.2 ሚሊሜትር ሆኖአል። አዲሱን ጥይት ለአሮጌው ጠባብ አፈሙዝ ማጕረስ ለተኳሹ አደገኛ ነው። እንዲሁም የ8×57 ጥይት ለ.30-06 በተሠራ ጠመንጃ ውስጥ በስሕተት ገብቶ ሲተኰስ መሣሪያው የፈነዳበት ጊዜ በአሜሪካ ተመዝግቦ ይገኛል። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ዓይነት ጥይት ተደባልቆ መገኘቱ፣ ስብስቡን ለመቀነስ የመጀመሪያው ምክንያት ሊሆን የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።

2. ጠመንጃ ስለሚበዛበት ምክንያት

ብዙ ሰው እንደሚያስበው የጠመንጃ ዓይነት የሚበዛው አዳኙ አዲስ ነገር ስለሚወድ ብቻ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ብዛቱን የሚያመጣው ከአዳኙ ውጭ ያለ ኃይል ነው። ለዚህም ሁለት ምሳሌ እንጠቅሳለን።

የመጀመሪያው ምሳሌ የኢትዮጵያ ነው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ስናይደር የተባለውን ከኋላ የሚጐርስ ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ ስሙም በአማርኛ ሰናድር ሆኖ ቀረ። በ1868 ዓ.ም. የግብፅ ጦር በጉንደትና በጉራዕ ድል ሲሆን ብዙ ረሚንግተን ተማረከ። ከዚያም ፈረንሳዮች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1874 ለጦራቸው የሠሩት ግራ የተባለው ጠመንጃ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ በንግድ እየገባ ተስፋፋ፤ ሕዝቡም ፉዚ ግራ የሚለውን የፈረንሳይኛ ስም ውጅግራ አለው። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ከኢጣልያኖች የተማረከው ቬተርሊ ተጨመረ። በመጨረሻም ከጠላት ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በቤልጅግ የተሠራው ማውዘር ገባ፤ እርሱም በተሠራበት አገር ስም ቤልጅግ ተብሎ ተጠራ። እንግዲህ ከሰባ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ በግዥ፣ በስጦታና በምርኮ የገቡት መሣሪያዎች የእያንዳንዱን መንግሥት ፖለቲካ ተከትለው የገቡ እንጂ በአንድ ዕቅድ የተመረጡ አልነበሩም።

ሁለተኛው ምሳሌ የእንግሊዝ አዳኞች ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የብሪታንያ መንግሥት ጥይቱ በዐመፀኞች እጅ እንዳይገባ በማሰብ በህንድና በሱዳን የ.450 አፈሙዝ ያለው መሣሪያና ጥይት እንዳይገባ ከለከለ። .450 በዚያን ጊዜ ለታላላቅ አውሬዎች ከሁሉ ይልቅ የተለመደ ነበር። ክልከላው አዳኞቹን ከማደን አላገዳቸውም፤ ጠመንጃ ሠሪዎቹ ግን .465፣ .470፣ .475 እያሉ ኃይላቸው እርስ በርሱ የሚቀራረብ ልዩ ልዩ ጥይቶችን አወጡ። ስለዚህ ቍጥርን ለመቀነስ የታሰበው ሕግ ስያሜን አበዛ። ዛሬ በአሮጌ ስብስብ ውስጥ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን የሚያይ ሰው፣ የሚያየው የአዳኙን ምርጫ ብቻ ሳይሆን የአንድን ሕግ ፍሬ ጭምር ነው።

3. ጥይት መራጭ ስለ መሆኑ

በኢትዮጵያ ከገቡት ጠመንጃዎች መካከል ውጅግራ ከእርሱ የተሻሉ መሣሪያዎች ከመጡ በኋላ እንኳ ለረጅም ዘመን በገበሬውና በአዳኙ እጅ ቈየ። በዐድዋ ዘመን የነበረው ይህ ጠመንጃ ከአርባ ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ጊዜም በብዙ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ለበን በ1886 ሲሠራ ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኵስ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ነበረ፤ አረሩ ሩቅ ይደርሳል፣ ጭሱም ተኳሹን አያሳጣውም። በጐራሹም ስምንት ጥይት ይይዛል፤ ውጅግራ ግን በየተኵሱ አንዳንድ ብቻ ይጐርሳል። ታዲያ የከፋው ስለ ምን ከተሻለው ጋር እኩል ኖረ?

መልሱ የሚገኘው በቀለሁ ውስጥ ነው። የውጅግራ ጥይት 11 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረርና 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቍር ባሩድ ይዞ የተሠራ ነው። እርሳስ በማንኛውም እሳት ይቀልጣል፤ ጥቍር ባሩድም ከጨው ጴጥሮስ፣ ከድኝና ከከሰል በአገር ውስጥ ይዘጋጅ ነበር። ስለዚህ የተተኰሰው ቀለህ ተለቅሞ እንደ ገና ይሞላና ይተኰሳል። ተመልሶ የተሞላው ጥይት እንደ አዲሱ የታመነ አይደለም፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ጭስ የሌለው ባሩድ ግን በፋብሪካ እንጂ በቤት አይሠራም፤ በፍጥነት የሚሄደውም ጠባብ አረር በጠንካራ ብረት መሸፈን አለበት እንጂ በልስልስ እርሳስ ብቻ አይሆንም። እንግዲህ የለበን ባለቤት ጥይቱ ሲያልቅበት የግድ ጠረፉን መጠበቅ አለበት፤ የውጅግራ ባለቤት ግን የአገሩን ባለሙያ ይጠይቃል።

የጠረፉ በር ደግሞ ሁልጊዜ ክፍት አልነበረም። በ1882 ዓ.ም. በብራስልስ የተፈረመው ውል የጦር መሣሪያ ወደ አፍሪካ እንዳይገባ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው፤ በነሐሴ 1922 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው ውል ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውን መሣሪያና ጥይት በሥርዓት እንዲቈጣጠሩት አደረገ። ከዚህም በላይ ጥይት በገበያ እንደ አሞሌ ጨው የመገበያያ ዋጋ ሆኖ ይሰጥ ነበር። ለመገበያያ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ሰው የሚያውቀውና ብዙ ሰው የሚፈልገው ዓይነት ነው። የታወቀ ጥይት ገበያ ያገኛል፤ ገበያ ያገኘ ጥይት ደግሞ ጠመንጃውን ያኖረዋል። ብርቅ የሆነ ጠመንጃ የያዘ ሰው ግን ዝናሩን የሚሞላለት ስለማያገኝ፣ የተሻለውን መሣሪያ ትቶ ጎረቤቱ የያዘውን ለመያዝ ይገደዳል።

በሌላ አገር ሰው ዘንድም ይኸው ሚዛን ይታያል። ካራሞጆ ቤል ተብሎ የተጠራው የስኮትላንድ ተወላጅ ዋልተር ቤል፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1900 በኋላ በነበሩት ዓመታት በካራሞጃ፣ በላዶና በኢትዮጵያ ምዕራብ ባለው በጊሎ ወንዝ አካባቢ ዝሆን ያድን ነበር። በዕድሜው ከገደላቸው ከ1,000 በላይ ዝሆኖች አብዛኞቹን የገደለው በ7×57 ነው፤ ይህም በዘመኑ የነበሩት አዳኞች ለዝሆን ትንሽ ነው የሚሉት ጥይት ነበር። ቤል ይህን ለማድረግ የቻለው በኃይል አልነበረም። የዝሆንን ራስ ቅል በመጋዝ አስነጥቆ አንጐሉ የት እንዳለ ከተማረ በኋላ፣ ሙሉ ሽፋን ያለውን አረር በትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳርፍ ስለ ነበረ ነው። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ነገር ነው። ቤል ከ7×57 ይልቅ ቀላል የሆነውን የ6.5 ሚሊሜትር ማንሊኸር ሸናወር በጣም ይወደው ነበር፤ ነገር ግን ያገኘው ጥይት አስተማማኝ ስላልሆነ ተወው። የተወደደው ጠመንጃ ተትቶ የታመነው ጥይት ቀረ ማለት ነው። ዝሆን ዛሬ ካለበት ሁኔታ የተነሣ፣ በተለይም የዝሆን ጥርስ ንግድ በ1989 በዓለም አቀፍ ስምምነት ከተከለከለ ወዲህ፣ የቤልን ሥራ ማንም ሊከተለው አይገባም፤ ምርጫውን ግን መመርመር ይገባል።

4. ስብስብ በሥራ ሚዛን እንዴት እንደሚቀነስ

ከላይ ከተነገረው አንድ ደንብ እናወጣለን፤ ስብስብ የሚቀለው ጠመንጃ በመቍጠር ሳይሆን ጥይት በመቍጠር ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ አዳኝ ሰባት ጠመንጃ አለው እንበል፤ ጥይቶቻቸውም .22፣ 6.5×54፣ 7×57፣ 8×57፣ .30-06፣ .375 እና .404 ይሁኑ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ የሚሠራውን ሥራ እንጠይቅ። .22 ለቆቅ፣ ለጅግራና ለጥንቸል ነው። ከ6.5×54 እስከ .30-06 ያሉት አራቱ ሁሉ አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ከሚዳቋና ከድኩላ ጀምሮ እስከ ቆርኬና እስከ አጋዘን ድረስ ላለው አውሬ ይበቃሉ። .375 እና .404 ደግሞ ለጎሽና ከእርሱ በላይ ላለው ናቸው። ስለዚህ ሰባት ጠመንጃ ቢኖርም ያለው ሥራ ሦስት ብቻ ነው።

ከአራቱ መካከለኞች አንዱን ለመምረጥ የፍጥነትና የርቀት ሠንጠረዥ መመርመር ብዙ አይጠቅምም፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት በተኳሹ እጅ ውስጥ ካለው ልዩነት ያንሳልና። መጠየቅ የሚገባው አዳኙ በሚኖርበት አገር ገበያ ያለማቋረጥ የሚገኘው የትኛው ጥይት ነው ተብሎ ነው። ከትልልቆቹም .375 የሚመረጠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ይህ ጥይት በ1912 ከወጣ ጀምሮ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ተስፋፍቶአል፤ እንደ ታንዛኒያ ባሉ አገሮችም ለአደገኛ አውሬ የሚፈቀደው ዝቅተኛ መጠን ሆኖ በሕግ ተወስኖአል። አረሩ እስከ 19 ግራም ከግማሽ ያህል ስለሚመዝን ለጎሽ ይበቃል፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለአጋዘንም ይሆናል። የ.404 አረር 26 ግራም ያህል ስለሚመዝን የበለጠ ይመታል፤ ነገር ግን ለሁለተኛ ሥራ አይመችም።

አንዳንዶች ከዚህም አልፈው ለሁሉ የሚሆን አንድ ጠመንጃ ብቻ ይበቃል ይላሉ። ይህ አስተያየት መልካም ጎን አለው፤ አንድ መሣሪያ ብቻ የለመደ እጅ በችግር ጊዜ አይሳሳትምና። ነገር ግን ለጎሽ የሚሆነውን ይዞ ቆቅ ማደን ሥጋውን ማጥፋት ነው፤ ለድኩላ የሚሆነውን ይዞ ጎሽ መጋፈጥም የራስን ሕይወትና የሌላውን ሰው ሕይወት በከንቱ ለአደጋ መስጠት ነው። የቈሰለ ጎሽ የሚጠብቀው የተኰሰበትን ሰው ብቻ አይደለም፤ በማግሥቱ በዚያ መንገድ የሚያልፈውን እንጨት ለቃሚ ጭምር ነው። ስለዚህ መቀነስ ማለት ወደ አንድ መውረድ ሳይሆን ወደ ሥራዎቹ ቍጥር መውረድ ነው። የቀሩትም ጠመንጃዎች መቀርቀሪያቸውና ማገጃቸው በአንድ ዓይነት የሚሠራ ቢሆን የአንድ ጠመንጃ ጥቅም በከፊል ይገኛል።

5. ክብርና መታሰቢያ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሥራ ሚዛን ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ደጋ አገር የነበረውን ልማድ የሚመለከት ሰው ይህ ሚዛን ብቻውን እንደማይበቃ ወዲያው ይገነዘባል። አስቀድሞም የአደን ጠመንጃ የሚባል የተለየ መሣሪያ አልነበረም፤ በዘመቻ ጊዜ የተያዘው ጠመንጃ በሰላም ጊዜ ለአደን ይወጣል። ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ ወይም አውራሪስ የገደለ ሰው ገዳይ ይባላል፤ በጎፈር፣ በለምድና በጆሮ ጌጥ ይታወቃል፤ በፉከራውም የገደለበትን ጠመንጃ በስሙ ያነሣል። እንግዲህ ጠመንጃው የሥራ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የምስክርነት ዕቃ ነው።

ይህ በይበልጥ የሚታየው በለቅሶ ላይ ነው። የታላቅ ሰው ለቅሶ ሲቆም ልብሱ፣ ጋሻውና ጠመንጃው በአልቃሾች መካከል ይታያል፤ ሙሾ አውራጇም እያመለከተች ታነሣዋለች። በዚያ ጊዜ ጠመንጃው ጥይት ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ ሰው የለም። ከብዙ ዓመት በፊት ጥይቱ የጠፋበት ሰናድር ለአደን ከዱላ የማይሻል ቢሆንም፣ በለቅሶው ላይ ሥራውን በሙሉ ይሠራል። ከጌታ ወይም ከንጉሥ የተሸለመ ጠመንጃም እንዲሁ የሰጪውንና የተቀባዩን ግንኙነት ስለሚያስታውስ፣ ከእርሱ የተሻለ መሣሪያ በመገኘቱ ዋጋው አይወርድም።

ስለዚህ በአንድ ቤት የሚገኙ ጠመንጃዎች በሦስት ይከፈላሉ፤ የሥራ፣ የክብርና የመታሰቢያ። አንዱ ጠመንጃ ከዘመን ብዛት ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሦስተኛው ሊሻገር ይችላል። በጥይት ሚዛን ብቻ የሚመዝን ወራሽ ግን አስቀድሞ የሚያወጣው ጥይት የሌለውን ነው፤ ጥይት የሌለው ደግሞ አሮጌው ነው፤ አሮጌውም ስለ ቤቱ ታሪክ ብዙ የሚናገረው ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ፣ በጣም ተገቢ በሆነ ሚዛን፣ ዋናው ማስረጃ ከሁሉ በፊት ይጠፋል።

6. ከመቀነስ በፊት ሊመዘገብ የሚገባው

ዛሬ ይህ ጉዳይ አስቸኳይ ሆኖአል። በ1912 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ያወጡትን የ.375 ጥይት ስንጠቅስ ዓመቱን ያነሣነው ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሎ የአያያዙን ሥርዓት ወስኖአል። አሮጌ መሣሪያ የወረሰ ሰው በቅድሚያ ሕጉን መፈጸም አለበት፤ ስለዚህ ብዙ ስብስቦች በቅርብ ጊዜ ውስጥ ይበታተናሉ ተብሎ ይገመታል። መበታተኑን ማስቀረት የተመራማሪ ሥራ አይደለም። የተመራማሪ ሥራ ዕቃው ከመሄዱ በፊት ከዕቃው ጋር ያለውን ነገር መጻፍ ነው። ሊጻፍ የሚገባውም እንደሚከተለው ነው።

ሀ) ሁለቱም ስሞች፤ ማለት ባለቤቶቹ የሚጠሩት ስምና በብረቱ ላይ የተቀረጸው ስም፣ ቍጥርና ዓመት። የሕዝቡ ስያሜ ከአንድ ሠሪ ስም ተነሥቶ ለሌላ ዓይነት ሊሰጥ ስለሚችል አንዱ ሌላውን አይተካም።

ለ) የጥይቱ ልክ፤ ቀለህ ቢገኝ ርዝመቱ፣ የከንፈሩ ስፋትና በግርጌው ያለው ምልክት። እንደ ገና ተሞልቶ እንደ ሆነም ይመርመር። ይህን የሚያደርገው መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይሁን።

ሐ) የመጣበት መንገድ፤ ተገዛ፣ ተሸለመ፣ ተማረከ ወይስ በጥሎሽ መጣ? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ተላለፈ?

መ) የጥገናው ሁኔታ፤ በጥሬ ቆዳ የታሰረ ሰደፍ፣ ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ ክፍል፣ በአገር አንጥረኛ የተሠራ ብሎን። ጥገናው ጠመንጃው በየትኛው ዘመን ለሥራ፣ በየትኛው ዘመን ለመታሰቢያ እንደ ኖረ ይናገራል።

ሠ) ከእርሱ ጋር የነበረው ዕቃ፤ ዝናሩ፣ ማኅደሩ፣ ማንገቻው።

ረ) የሚነገርለት ቃል፤ የገደለው አውሬ፣ የተያዘበት ዘመቻ፣ የተነሣበት ፉከራና ሙሾ፣ ከተናጋሪው ማንነት ጋር።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ ወራሹ ያሻውን ቢያደርግ ጉዳቱ ይቀንሳል። ለመታሰቢያ የሚቀረው ጠመንጃ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ተነቅሎ በሕግ በተፈቀደው ሁኔታ ቢቀመጥ፣ ወይም ለቤተ መዘክር ቢሰጥ፣ አደጋው ይወገዳል፤ ምስክርነቱ ግን አይጐድልም። ለሙሾ የሚያስፈልገው መልኩ እንጂ መርፌው አይደለምና።

መደምደሚያ

እንግዲህ የጠመንጃ ስብስብን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድነት የያዘ ነው። የመጀመሪያው ለሥራ የሚሆነውን መምረጥ ሲሆን በእርሱ ዳኛው ጥይት ነው፤ ውጅግራን በገበሬው ትከሻ ላይ ያቈየውና ቤልን የሚወደውን ጠመንጃ ያስተወው ይኸው ዳኛ ነው። ሁለተኛው ለመታሰቢያ የሚሆነውን መለየት ሲሆን በእርሱ ላይ ጥይት ሥልጣን የለውም። ሁለቱን ሥራዎች ለየብቻ የሚያካሂድ ሰው ዝናሩን ያቀላል፤ ታሪኩንም አይጥልም። የኢትዮጵያን ቤቶች ያየን እንደ ሆነ ደግሞ ጊዜው አጭር ስለ ሆነ መዝገቡ ከምርጫው መቅደም አለበት።